ግራሶው ያልተጠረገለት ሲሚኖፍ

ሊዲያ የአባቷን ቤት በር ስትከፍትልኝ ፊቷን ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ርቆኝ የኖረ ሽታ ነው። የሞተር ዘይት ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ የቀለጠ ሻማም ይመስላል፤ ከሥሩ ደግሞ ርጥብ የእንጨት ሳጥን ይሸታል። ጠዋት ደውላ፣ "አንቲ አስቴር፣ ፕሊስ ነይ፤ ዳዲ ክሎዜት ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ በስልክ ማውራት አልችልም" ስትለኝ፣ ከምኖርበት ከክሬሰንት ታውን እስከ እነሱ ሰፈር፣ ጄን ኤንድ ፊንች፣ በባቡርና በአውቶቡስ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ሌላ ሌላውን ነው። ሰው ሲሞት ከቁም ሳጥኑ ምን እንደሚወጣ እናውቃለን፤ አገር ቤት የቀረ ልጅ ፎቶግራፍ፣ ለዘመድ ያልተነገረ በሽታ መድኃኒት። ጠመንጃ ግን አልመጣልኝም። ገና ኮሪደሩ ላይ እንደቆምኩ ሽታው ነገረኝ፤ የበሩን መቃን ያዝኩ።

ሊዲያ የጋሽ ደምሴ አንድ ልጅ ናት። እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች፣ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ፣ አማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ። እናቷ በልጅነቷ ስላረፈች አባትና ልጅ ሁለቱ ብቻ ነው የኖሩት። ጋሽ ደምሴ ከተቀበሩ ገና ወር አልሞላቸውም፤ ቤቱን በወሩ መጨረሻ ማስረከብ ስላለባት ብቻዋን ዕቃ እያወጣች ነበር። ያን ዕለት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሱፐር የሚሉት የሕንጻው ተቆጣጣሪ ቤቱን ኢንስፔክት ሊያደርግ ቀጠሮ ይዟል።

"ነክተሽዋል?" አልኳት።

እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ጣቶቿ እስከ መዳፏ ቡናማ ሆነዋል። "የመጋረጃ ዘንግ መሰለኝ፣ አንቲ። ብላንኬቱን ስፈታው… ብታጠበው ብታጠበው አይለቅም።"

መኝታ ቤቱ ወለል ላይ፣ በተገለጠ ግራጫ ብርድ ልብስ መሐል ተጋድሟል። ግማሽ አካሉ አሁንም ሰም በነካው ቡናማ ወረቀት እንደተጠቀለለ ነው። የታየው ግማሹ በደረቀ ግራሶ ተሸፍኗል፤ ሰደፉ፣ አፈሙዙ፣ ከአፈሙዙ ሥር ወደ ኋላ የታጠፈው ሳንጃ።

"ሪል ነው?"

"እውነተኛ ነው። ሲሚኖፍ ይባላል።"

"ሃው ዱ ዩ ኖው?"

"ከአባትሽ ጋር የተዋወቅነው ይህን ስንጠርግ ነው" አልኳት።

አየችኝ። አባቷ "ድሮ ፋብሪካ እሠራ ነበር" ከማለት በቀር ሌላ ነግረዋት አያውቁም። እኔም ብሆን በቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጠይቀኝ ስመልስ የኖርኩት ያንኑ ነው።

ከሱዳን በመጣሁበት የመጀመሪያ ክረምት ነው። ካፖርቴን የገዛሁት ከተለበሰ ልብስ መሸጫ ነበር፤ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ የተሰፋበት፤ ያኔ ሴቱ ሁሉ እንደ ወታደር ትከሻው ከፍ ያለ ነበር። አውቶቡስ የሚከፈለው ከሸሚዝ ቁልፍ በማትበልጥ ቶክን ነው፤ አንዷ በካፖርቱ ሽፋን ቀዳዳ ገብታ ከጠፋች እግርህን አምነህ መሄድ ነው። ብሉር ጎዳና ላይ አንድ ሁለት የኛ ምግብ ቤቶች ተከፍተዋል፤ በአንዱ በርበሬና የመዝሙር ካሴት ባንድ መደርደሪያ ይሸጥ ስለነበር ካሴቱን ቤት ወስደህ ስትከፍተው ያስነጥስሃል። አገር ቤት መደወያው ካርድ ጀርባው በሳንቲም የሚፋቅ ነበር፤ ገና "እንዴት ናችሁ" ተባብለን ሳንጨርስ ካርዱ ላይ ድምጿ የተቀዳው ሴትዮ የቀረንን ደቂቃ በእንግሊዝኛ ትቆጥርብናለች። እንዲያ ባለው ጊዜ ነው ኤጀንሲው "የዌርሃውስ ሥራ አለ፣ ዕቃ ማጽዳት ነው" ያለኝ። ምን ዓይነት ዕቃ ብዬ አልጠየቅኩም። ከኤርፖርቱ ወዲህ ያለ ሰፈር ነው፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የቆርቆሮው ጣሪያ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ሚስተር ኢምሬ በወጣትነታቸው ከሃንጋሪ ሸሽተው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጆሯቸው ላይ ፀጉር የበቀለ፣ ኪሳቸው ከረሜላ የማይጠፋበት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ረዥም የእንጨት ሳጥን በፒንሳ ፈለቀቁና ክዳኑን አነሱት። ጠመንጃዎቹ በግራሶ ተነክረው፣ አንዱ በሌላው ላይ እንደ ዓሣ ተደርድረዋል።

እኔ ያን ጠመንጃ አውቀዋለሁ። የአሥራ አራት ወይ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበር። ቀበሌዎች መጥተው ቤቱን ሲያሽጉ አባቴን ይዘውት ሄዱ። ስንቅ አመላላሿ እኔ ነበርኩ። የቀበሌው በር ላይ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ይቆማል፤ ሳህኑን እከፍትለታለሁ፤ ሲሚኖፉን ከትከሻው ያወርድና ሳንጃውን ዘርግቶ እንጀራውን ይወጋዋል። ወረቀት የተደበቀ እንደሆነ ብሎ ነው። ወጡን ያማስለዋል። ከዚያ ሳንጃውን በእንጀራው ጠርዝ ይጠርገዋል። ስለ እስሩ ሲነሳ ሰው ግርፋቱን ያወራል፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ መጥረጉ ነው። አባቴ ወራት ከርሞ ወጣ፤ ስለ ምግቡ አንድ ቀንም አንስቶብኝ አያውቅም።

እናም ቶሮንቶ መጥቼ፣ በረዶ ረግጬ፣ በወይን ጠጅ ካፖርቴ ደርሼ፣ ያንኑ ሳንጃ በጨርቅ ጠርጊ ተባልኩ። ጨርቁን እንደያዝኩ ደርቄ ስቀር ሚስተር ኢምሬ የበረደኝ መሰላቸውና ማሞቂያውን ወደኔ ገፋ አደረጉት። ከጠረጴዛው ማዶ ጸጉራቸው ገባ ያለ ሐበሻ ሰውዬ አቀርቅረው ይጠርጋሉ። ቀና ብለው አዩኝና በአማርኛ፣ "በውኃ አይለቅም፤ በነጭ ጋዝ አርሺው" አሉኝ። ጋሽ ደምሴን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

"አንቲ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለች ሊዲያ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ደህና ነኝ። ሱፐሩ መቼ ነው የሚመጣው?"

"አት ቱ።" ስልኳን አየች። ከዚያ ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ "ሻንጣ አለኝ፤ ትልቁ። ሻንጣ ውስጥ አድርገን መኪናዬ ውስጥ እንክተተው። ከዚያ ወይ ሌክ እንጥለዋለን…"

"አይሆንም።"

"ኋይ ኖት?"

"በዚህ ሰፈር፣ በዚህ ሊፍት፣ ሁለት ጥቁር ሴቶች ጠመንጃ በሻንጣ ይዘን? አንቺ ላይሰንስ አለሽ? እኔ የለኝም። ሻንጣው አንድ ቦታ ቢከፈት ማን ነው ረጋ ብሎ የሚያዳምጠን?"

እኔም የተናገርኩት ለራሴ አስፈራኝ። ከመስኮቱ በታች ሳይረን አለፈ፤ በዚህ ሰፈር የማያልፍበት ሰዓት የለም፤ ሁለታችንም ግን እስኪርቅ ድረስ አልተነፈስንም። "ፖሊስ ራሳችን እንጥራ" አልኳት። "በድንገተኛው ቁጥር ሳይሆን በሌላኛው። ‘አባቴ ሞተ፣ ዕቃ ሳወጣ አገኘሁት፣ አልፈልገውም’ በያቸው።" ኋላ በአረጋውያን መንከባከቢያ በሠራሁበት ዘመን የሟች ቤተሰብ አንድ ሁለቴ እንዲህ ሲያደርግ ሰምቻለሁ። ሊዲያ ደወለች። ድምጿን እንደ ክሊኒኩ አለስልሳ፣ በየዓረፍተ ነገሩ "ሶሪ" እያለች፣ ሶሪ የሚያስብላት ነገር ሳይኖር። አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ ሰው እንልካለን አሏት። መቼ? ሰው ሲገኝ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ወይ ፖሊሱ ይቀድማል፣ ወይ ሱፐሩ። ሊዲያ ስልኳ ላይ ስለ ጠመንጃው መፈለግ ጀመረች። "ሊከለከል ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ አይከለከልም ይላል። ዋጋው ግን… አንቲ፣ ፒፕል አር ፔይንግ ዚስ?" ብላ አሳየችኝ። መነጽሬን አላመንኩም። እኛ ስንጠርገው ዋጋው ከአንድ ደህና የክረምት ካፖርት በታች ነበር። ካፖርት ስል አዲሱን ነው እንጂ የኔን ዓይነቱን አይደለም። ዛሬ እዚያ ስልክ ላይ ያየሁት የኔን የአንድ ወር የቤት ኪራይ ባይሆን ግማሹን ይጠጋል።

ይህ የዋጋ ነገር ያኔም እንቆቅልሽ ነበር፤ ያስረዱኝ ሚስተር ኢምሬ ናቸው። ሲሚኖፉ የሩሲያ ፈጠራ ነው፤ ቻይናም ትሠራው ነበር፤ በየአገሩ ወታደር ክላሽ ሲይዝ ይኼኛው መጋዘን ውስጥ ተረፈ። የተረፈውን ለአዳኝና ለተኳሽ መሸጥ ተጀመረ። ሻጩ ዓይኑን የጣለው አሜሪካ ላይ ነበር፤ ገበያው እዚያ ነዋ። አሜሪካ በበኩሏ የቻይና ጠመንጃ አይግባ ብላ በሯን ዘጋች። መርከቡ ወዴት ይዙር? ወደኛ ዞረ። እዚህ ደግሞ ሕጉ ክላሹን ከልክሎ፣ ይኼን ካዝናው ከአምስት ጥይት በላይ እንዳይዝ ከተደረገ ይሸጥ ይላል። ስለዚህ እኔ እጠርጋለሁ፣ ጋሽ ደምሴ ካዝናውን እየበሱ ምስማር ይመቱበታል፣ ሚስተር ኢምሬ ያሽጋሉ። ሁለት መንግሥታት በሁለት ወረቀት የጻፉት ነገር ተገናኝቶ ለእኔ እንጀራ ሆነ። ጠመንጃው ከመርከብ እንደ ድንች ሲራገፍ ዋጋው ወረደ። ደሃው አዳኝ ሁሉ ወደሱ ዞረ። አንድ ቀን ከሰሜን፣ ከሐይቆቹ ማዶ፣ አንድ የአገሩ ተወላጅ ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር መጡ። ጠመንጃው በብርድ አይነክስም ሲባል ሰምተው ነው። ሴትዮዋ ጠመንጃውን ዓይናቸው አላየውም፤ የኔን እጅ አዩና ከቦርሳቸው የቅባት ብልቃጥ አውጥተው ሰጡኝ። "የሙስ ሥጋ ቤት ከገባ ክረምቱን ሥጋ አንገዛም" አሉኝ፤ ሙስ የሚሉት ትልቁን አጋዘናቸውን ነው። ያን ቀን ልቤ ትንሽ አረፈ። ቢያንስ አንዱ ለምግብ ሄደ አልኩ።

ሌላ ሌላው ቀን ግን አላርፍም። ሌሊት እተኛና የጠረግኋቸው ሁሉ የት ደረሱ እላለሁ። በጠዋት እጸልያለሁ፤ "ጌታ ሆይ፣ ይህ በር ይዘጋ።" አሜን ሳልል ደግሞ፣ "ከተዘጋ ኪራዬን በምን እከፍላለሁ" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ከኦታዋ አዲስ ሕግ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ሚስተር ኢምሬ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኛ ጨርቁን ይዘን ቀጥ እንላለን። የራዲዮኑ እንግሊዝኛ ስለሚፈጥንብን የምናዳምጠው የፊታቸውን ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ ሊከለከል ነው በተባለ ማግሥት ገዢው በሩ ላይ ይሰለፋል። አንድ ይገዛ የነበረው ሦስት ይገዛል። ሚስተር ኢምሬ፣ "መንግሥት እያስተዋወቀልኝ ነው የምሸጠው" ብለው ይስቃሉ፤ ከሳቃቸው በኋላ ግን ከረሜላቸውን ሳይልጡ ወደ አፋቸው ሲሰዱ አይቻለሁ።

"አንቲ" አለች ሊዲያ። ስልኳን አስቀምጣለች። "ዳዲ ኢትዮጵያ እያለ ምን ነበር የሚሠራው? ፎር ሪል።"

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሁለታችንም ወደ በሩ ዞርን። ኮቴው አልፎ ሄደ፤ የጎረቤት በር ተከፈተና ተዘጋ።

ለመዋሸት አስቤ ነበር። አባቷ ገና አፈሩ ያልደረቀ ሰው ናቸው። ግን ልጅቱ ጠመንጃ አግኝታለች፤ እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር የራሷን ታሪክ ትሠራለች፤ የምትሠራው ደግሞ ከእውነቱ የከፋ ይሆናል። "የቀበሌ ጥበቃ ነበሩ" አልኳት። "ጅማ። ይህን ይዘው የእስር ቤት በር ላይ ይቆሙ ነበር።" ስለ ስንቁ ነገርኳት። የኔን አባት አስቀደምኩ፤ ከዚያ የአባቴን ነገር ባወራኋቸው ሰሞን አንድ ቀን፣ መጋዘኑ ውስጥ በምሳ ሰዓት፣ ሳህኔን ስከፍት ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንደነበር፣ ምን ሆኑ ስላቸው፣ "እኔም እወጋ ነበር" እንዳሉኝ። ተኩሰው እንደሆነ ጠይቄያቸው፣ "አልተኮስኩም" እንዳሉኝ። ማመን አለማመኔን ያኔም እንዳላወቅኩት፣ አሁንም እንደማላውቀው።

የቆሸሹትን ጣቶቿን እርስ በርስ አሻሸች።

"ምሳ ዕቃዬን ቴፕ ያደርገው ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"ምን?"

"ኤለመንተሪ እያለሁ። ምሳዬን ራሱ ይሠራል፣ ከዚያ ክዳኑን በቴፕ ዙሪያውን። ቢግ ሲልቨር ቴፕ። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ቲቸሯ በመቀስ ነው የምትከፍትልኝ። ‘ዳዲ ስቶፕ’ እለዋለሁ። ‘ከአንቺ በፊት ማንም አይከፍተውም’ ይለኛል። ጀርም የሚፈራ ነበር የሚመስለኝ።"

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ያን ያህል ዘመን አውቄያቸው፣ ልጃቸው ስትወለድ ገንፎ ይዤ ሄጄ፣ በየበዓሉ ብሉር ላይ ተገናኝተን፣ ይህን አላውቅም ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ሱፐሩ ቢሆን ምን እንደምንለው አልተነጋገርንም። ሊዲያ ተነሳች፤ "እጅሽን ከኪስሽ አውጪ" አልኳት ሳላስበው። ስትከፍት ፖሊሶቹ ናቸው። አንዷ ጠና ያለች ሴት፣ አንዱ ገና ጢም ያልበቀለለት ወጣት። ወጣቱ በሩ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ቤቱን ዞረ፤ እኔ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀምጫለሁ፣ ልክ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው። ሴትዮዋ ስማችንን ጠየቀች፣ ለሊዲያ "ስለ አባትሽ አዝናለሁ" አለቻት፣ ጓንቷን አጥልቃ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። መቀባበያውን ለመሳብ ሞከረች። እምቢ አላት። ደግማ በኃይል ሳበችው፤ የደረቀው ግራሶ እንደ ድሮ ሰም እየተቀረፈ ተከፈተ። ባዶ ነው። አፈሙዙን በባትሪ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

"ከሳጥኑ እንደወጣ ነው" አለች። "አንድ ቀንም አልተጠረገም።"

ያን ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሳጥኖች ትዝ አሉኝ። ኮንቴይነሩ መምጣቱን አቁሞ፣ የቻይናው ጠፍቶ፣ የሩሲያው ደግሞ ውሎ አድሮ በሌላ ምክንያት በር ሊዘጋበት፣ ሚስተር ኢምሬ አንድ ዓርብ ሰብስበውን ከሰኞ ጀምሮ ሌይኦፍ ናችሁ፣ ሥራ የለም ያሉን ዕለት ነው። ጋሽ ደምሴ የአዳኝ ፈቃድ አውጥተው ነበርና ካልተጠረጉት አንዱን ገዙ። እኔ በጣም ተቆጣሁ። "ምን ያደርግልዎታል?" ብላቸው፣ "ሌላ ሰው እጅ ከሚገባ አንዱ እንኳ እኔ ጋ ይቀመጥ" አሉኝ። "ልጥረግልዎት?" አልኳቸው በንዴት። "ተይው፣ እንዲህ እንደሆነ ይሻላል" አሉ። ለብዙ ጊዜ ተኮራረፍን። ከታረቅን በኋላ አንዴ ስጠይቃቸው "የለም" ብለውኝ ነበር፤ አምኜ ተውኩት። ለካ ፈቃዱን ሳያሳድሱት፣ ቤት ሲለዋውጡ አብሯቸው እየዞረ፣ ከካፖርቶቹ ኋላ ቆሞ ኖሯል።

ፖሊሷ ተነሳችና ለሊዲያ አስረዳቻት። ወራሽ ስለሆንሽ መብት አለሽ አለቻት። ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማሸጥ ትችያለሽ፤ እኛ እስከዚያ እናስቀምጠዋለን። እንዲህ ሳይነካ የተቀመጠ አሁን አይገኝም፤ ደህና ዋጋ ያወጣል። ካልፈለግሽ ደግሞ ፈርመሽ ትሰጪናለሽ፣ ይቀልጣል።

ሊዲያ ወደኔ ዞረች። የቀብሩን ወጪ በክሬዲት ካርድ እንደከፈለችው አውቃለሁ። "አንቲ፣ እሱ ምን ይፈልግ ነበር?"

"አላውቅም፣ ልጄ።"

"አንቺስ?"

ይቅለጥ ለማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ገንዘቡ የኔ አይደለም፣ አባትየውም የኔ አይደሉም። "የምትወስኚው አንቺ ነሽ" አልኳት። ልጅቱ ጠመንጃውን አየችው፣ ብርድ ልብሱን አየችው፣ ጣቶቿን አየች።

"አይ ዶንት ዋንት ኢት ሶልድ" አለቻት ለፖሊሷ። "አቅልጡት።"

ፈረመች። ወጣቱ ረዥም ቦርሳ አምጥቶ ከተተው፤ ዚፑ ሲዘጋ ግራሶ ስለነካው ግማሽ ላይ ያዘውና ሁለቱ ተጋግዘው ዘጉት። ከበሩ እንደወጡ ሱፐሩ ከሊፍቱ ወጣ። ፖሊሶቹን አየ፣ ቦርሳውን አየ፣ እኛን አየ። ሊዲያ ቀድማ "የአባቴ ዕቃ ነው፤ አስረከብኩት" አለችው። ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ ገባ፤ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ክሎዜቱ ቀለም ይፈልጋል ብሎ ሄደ። የፈራነው ሁሉ ይኸው ነበር።

እኔ ግን ልቤ ቶሎ አልተመለሰም። ወጥ ቤት ገብተን የምግብ ዘይትና ስኳር እጇ ላይ አፍስሼ አሸሁላት፤ ግራሶ የሚለቀው እንዲያ ነው። ጣት በጣት እያሸሁላት ሳለ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ፤

"አንቲ፣ ያንቺን ዳድ ምግብ የወጋው ሰውዬ… ከዚያ በኋላ አግኝተሽው ታውቂያለሽ?"

"አላገኘሁትም።"

"ሶሪ አላለሽም?"

"እሱ አላለኝም። አባትሽ ናቸው ያሉኝ።"

እጇን ልትስብ ስትል ያዝኳት፤ አውራ ጣቷ ገና አልጠራም ነበር።

"ያን ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ። ‘ያንቺ አባት ላይ ያደረግኩት እኔ አይደለሁም፤ ግን እዚህ ሌላ ሰው የለም፤ እኔን ይቅር በይኝ’ አሉኝ።"

"ምን አልሽው?"

"እንጀራዬን ለሁለት ገመስኩና ግማሹን በሳህኑ ክዳን ላይ አድርጌ ገፋሁላቸው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ በሉ።"